«ወራሪ ማለት እኔ ነኝ?»

(ከዚህ በታች የቀረበው በፍሪላንስ ጋዜጠኝነት የሚሠራው ጸሐፊ አዲስ አበባ ውስጥ ለጀማሪ ጋዜጠኞች በተዘጋጀ ውይይት ላይ ያደረገው ንግግር ነው። ለገጻችን እንዲስማማ በጥቂቱ አሳጥረነዋል፤ አነጋገሩን ግን አልነካንም። - የዝግጅት ክፍሉ)



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «የጥላቻ ንግግርና ጋዜጠኛው» የሚል ነው። እውነቱን ልናገርና ርዕሱን ሳየው ሸሽ ሸሽ አለኝ። በዚህ ርዕስ ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል! ሻይና ብስኩታችንን እንቀምሳለን፣ አበል ካለ እንፈርማለን፣ «ጥላቻ መጥፎ ነው» ተባብለን እንበተናለን። በማግስቱ ያው የለመድነውን ስንጽፍ እንገኛለን። ስለዚህ አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና ርዕሱን ወደ ጎን ትቼ ስለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ቅዳሜዋ ጥቅምት 17 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበረች፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 27 ቀን 2018። ቦታው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር፣ ፒትስበርግ ከተማ፣ ስኩዊረል ሂል የሚባል ሰፈር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ እያስላችሁ እንዳትደክሙ።)

«እዚህ ስንት ጉድ እያለ ፒትስበርግ ምን አገባን?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ታገሱኝ፤ እደርስበታለሁ።

ስኩዊረል ሂል አይሁዶች ከመቶ ዓመት በላይ ተሰባስበው የኖሩበት ሰፈር ነው። እዚያ «ትሪ ኦፍ ላይፍ»፣ በእኛ ቋንቋ «የሕይወት ዛፍ» የሚባል ምኩራብ አለ። ማኅበረ ምእመናኑ የተመሠረተው በ1864 ነው፤ በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን ማለት ነው። በዚያን ቅዳሜ ሕንጻው ውስጥ የሚጸልዩት ሦስት ማኅበሮች ነበሩ። አንዱ ባለቤቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ኒው ላይት» - አዲስ ብርሃን - ሦስተኛው ደግሞ «ዶር ሐዳሽ» ይባላል። ዶር ሐዳሽ በዕብራይስጥ «አዲስ ትውልድ» ማለት ነው። «ሐዳሽ» የሚለውን ቃል ስሰማ የእኛው «ሐዲስ» እንደሆነ ገባኝና ያልጠበቅኩት የዘመድነት ስሜት ያዘኝ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ለመሆኑ በጸሎት ቀን ቀድሞ የሚደርሰው ማነው? እዚያም ሆነ እዚህ አዛውንቱ ነው። ወጣቱ ጸሎቱ ሲጋመስ ነው የሚመጣው። ሰውየው ጠመንጃና ሽጉጦች ይዞ አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው በእኛ አቆጣጠር፣ የገባው ያኔ ነው፤ በሰዓታቸው የደረሱት ብቻ በተቀመጡበት ሰዓት። አሥራ አንድ ሰው ገደለ። ከሟቾቹ ትንሹ 54 ዓመቱ ነበር፤ ትልቋ የ97 ዓመት እናት ነበሩ። ሁለት ወንድማማቾች አብረው ሞቱ። እዚያው ምኩራብ ውስጥ በ1956 የተጋቡ ባልና ሚስት እዚያው አብረው ሞቱ። ሌሎችም ቆሰሉ፤ ከቆሰሉት የሚበዙት ለማዳን የገቡ ፖሊሶች ነበሩ። ሰውየው ቆስሎ እጁን የሰጠው ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ነው።

የገዳዩን ስም አልጠራም። በመዝገብ ላይ ያለ ስም ነው፣ ምስጢር አይደለም፤ ግን ለዛሬው ነገራችን አያስፈልገንም። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ 46 ዓመቱ።

ከዚያ ጠዋት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የትሪ ኦፍ ላይፍ ራቢ ጄፍሪ ማየርስ ይባላሉ። ሰንበትን በሥርዓቱ የሚጠብቅ አይሁዳዊ ቅዳሜ ስልክ አይዝም። እሳቸው ግን ይዘው ነበር። ለምን? ከዚያ በፊት የጸሎት ቤቶችን ጥበቃ የሚያሠለጥን ባለሙያ መጥቶ «ምንም ቢሆን ስልክ ይኑርዎት» ብሎ መክሯቸው ስለነበር ነው። ለፖሊስ ደወሉ። በኋላ የስልኩ ድምፅ በችሎት ተሰምቷል። እስቲ አስቡት፤ የሃይማኖት አባት የሰንበትን ሕግ ወደ ጎን ትተው ስልክ በኪሳቸው ይዘው የሚቀድሱበት ዘመን! ጥላቻው ከጥይቱ በፊት ገብቶ ሥርዓታቸውን ቀይሮታል ማለት ነው።

አሁን «ለምን?» ወደሚለው እንምጣ። ጋዜጠኛ አይደለን?

ሰውየው ከመግባቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት «ጋብ» በሚባል የማኅበራዊ መገናኛ ላይ አንድ መልእክት ለጥፎ ነበር። ስለ ኢየሩሳሌም አልነበረም፤ ስለ ሃይማኖትም አልነበረም። ስለ ስደተኞች ነበር! «ሃያስ» የሚባል የአይሁድ የስደተኞች መርጃ ድርጅት ወገኖቼን የሚገድሉ ወራሪዎችን ወደ አገሬ ያስገባል፣ ቁጭ ብዬ አላይም፣ ገባሁ፤ የመልእክቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ድርጅቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሩሲያ ጭፍጨፋ ለሸሹ አይሁዶች ተብሎ የተጀመረ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ግን ከሚረዳቸው የሚበዙት አይሁዶች አይደሉም፤ ከየአገሩ የተሰደዱ ናቸው። በዚያው ኦክቶበር ወር ድርጅቱ «የስደተኞች ሰንበት» ብሎ ምኩራቦች ስለ ስደተኛ እንዲያስቡ ጋብዞ ነበር። የተሳታፊዎቹን ዝርዝር አወጣ፤ ዶር ሐዳሽ በዝርዝሩ ላይ ነበር። ሰውየው ዝርዝሩን አይቶታል።

ወቅቱንም አስታውሱ። የአሜሪካ የምክር ቤት ምርጫ አሥር ቀን ቀርቶታል። ከመካከለኛው አሜሪካ በእግራቸው የሚመጡ ስደተኞች ጉዳይ በየቴሌቪዥኑ ይራገባል። «ወረራ» የሚለውን ቃል የሚጠቀመው ጋብ ላይ ያለው ወፈፌ ብቻ አልነበረም፤ ከረባት ያሰሩ ሰዎችም ይሉት ነበር። ከዚያ በታች ደግሞ የቆየው ተረት አለ፤ «ይህን ሁሉ ስደተኛ የሚያመጣው፣ ነጩን በሌላ ዘር ሊተካ የሚያሴረው አይሁድ ነው» የሚል። በ2017 ቻርለትስቪል በምትባል ከተማ ችቦ ይዘው የወጡት ወጣቶች ሲጮኹት የነበረው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ስደተኛው «ወራሪ» ሆነ፣ አይሁዱ «አስወራሪ» ሆነ፤ የ97 ዓመቷ እናት የመተካካቱ ሴራ አዛዥ ሆነው ተገኙ! የጥላቻ ሒሳብ ይኸው ነው፤ ደምሩ ሁልጊዜ ይገጥምለታል።

«ወራሪዎች» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ላስታውሳችሁ? አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች በኋላ ከሱዳን ካምፖች የተወሰዱ ወገኖቻችን አሉ። የተቀበሏቸው እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ናቸው፤ የካቶሊክ፣ የሉተራን፣ የአይሁድ። አክስቴ ከነዚያ ሰዎች አንዷ ናት። ከገዳሪፍ ተነስታ በክረምት አሜሪካ ስትገባ የማያውቃት ሰው አውሮፕላን ጣቢያ ካፖርት ይዞ ጠብቋታል። ካፖርቱን እስከ ዛሬ ሜሪላንድ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ሰቅላዋለች፤ አይለበስም፣ አይጣልም። ለፒትስበርጉ ሰውዬ ወራሪ ማለት አክስቴ ናት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። ለዚህ ነው የመጣሁት፤ ሌላው መንደርደሪያ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ አሁን የተዘጋ ጋዜጣ ላይ እሠራ ነበር። ስሙን ተዉት። የፒትስበርግን ዜና እኔ ነኝ ከባሕር ማዶ የተረጎምኩት፤ አራት መስመር ሰጠሁት። በዚያው እትም፣ ከገጽ ሁለት ገጽ በኋላ፣ የአንባብያን ደብዳቤ ዓምድንም የማዘጋጀው እኔው ነበርኩ። አንድ ስም የለሽ ደብዳቤ መጣ። ከሌላ አካባቢ መጥተው በአንድ ከተማ ስለሰፈሩ ሰዎች ነው የሚያወራው። የእነማን እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬም ቁስሉ አልደረቀም። ደብዳቤው «ወራሪዎች» ይላቸዋል። ቃሉን አየሁት። እንዲያውም ወደድኩት! ጎላ አድርጌ ርዕስ ላይ አወጣሁት። ጋዜጣ የሚሸጠው በርዕስ ነው፤ አዟሪዎቹ እየጮኹ የሚሸጡት ርዕሱን ነው፤ ይህን ለእናንተ አላስተምርም።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ገና ከማለዳው የደከመ።

«ጋዜጠኛው አንተ ነህ ወንድሜ?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«እዚህ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ ሸጫለሁ። ልጆቼን የወለድኩት እዚህ ነው። ጎረቤቴ ጋዜጣውን አምጥቶ በር ላይ ለጠፈልኝ። እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው፤ ወራሪ ማለት እኔ ነኝ?»

ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? «እናቴ፣ የአንባቢ አስተያየት ነው፤ የጋዜጣውን አቋም አያንጸባርቅም።» ዓምዱ ግርጌ ላይ የምናትማትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «እሺ ልጄ» ብለው ስልኩን ዘጉ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። አልጸጸተኝም፤ ያን ቀን ማለቴ ነው። የሁለቱን ገጾች ዝምድና ያየሁት ከወራት በኋላ፣ የቆዩ እትሞችን ለመጠረዝ ስደረድር ነው። በአንዱ ገጽ ላይ «ወራሪ» ብሎ የገደለው ሰው ዜና፣ በሌላው ገጽ ላይ «ወራሪ» የሚለው የእኔ ርዕስ። ተርጓሚውም አዘጋጁም እኔ!

«አንተ ያተምከው ቃል ነው፤ እሱ የተኮሰው ጥይት ነው፤ ምን አገናኘው?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ልክ ነው፤ አንድ አይደለም። ቃል ብቻውን ሰው አይገድልም። ግን ወንድሞቼ፣ በር ላይ የሚለጠፍ ነገር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ጎረቤትየው ማጣበቂያውን ብቻ ነው ያመጣው።

ደግሞ ጥላቻ የፈረንጅ ዕቃ ነው ብለን እንዳንታለል። ሴት አያቴ የጎንደር ሰው ነበሩ። ድመት የሚደበድብ ልጅ ሲያዩ «አንተ አይሁድ!» ይሉ ነበር። አይሁድ ማለት በእኛ ቤት ጨካኝ ማለት ነበር፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። አያቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለማኝ ሳያበሉ አይበሉም። ጀበናና ምጣድ የሚገዙት ደግሞ ከማን መሰላችሁ? ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ወለቃ፣ ከቤተ እስራኤሎቹ። ሸክላውን ገዝተው ሲመለሱ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፤ ዓይናቸውን አትይ» ይሏት ነበር እናቴን። ርስት ተከልክለው ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሆኑትን ሰዎች፣ በሠሩት ሸክላ ቡና እየጠጣን «ፈላሻ»፣ «ካይላ»፣ «ቡዳ» እያልን ኖረናል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ተኩል ቀን ተጭኖ ወደ እስራኤል ሲሄድ እናቴ «አያቴን ማን ጀበና ሊሸጥላት ነው?» ብላ አለቀሰች አሉ። አሁን ወለቃን ጎብኝቻታለሁ፤ የጸሎት ቤቱ አለ፣ ለቱሪስት የሚሸጥ ሸክላ አለ። የሚጸልይበት የለም።

ልብ በሉ፤ የፒትስበርጉ ሰውዬ ተረትና የአያቴ ተረት ቅርጹ አንድ ነው። «ላይህ ሰው ይመስላል፤ በስውር ግን ይበላሃል።» አያቴ ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ ልዩነቱ እሱ ነው።

ስለ ሙያችን የማውቀውን ደግ ነገርም ልንገራችሁ፤ ንግግሬ ኑዛዜ ብቻ እንዳይሆን።

ከግድያው በኋላ በነበረው ዓርብ፣ ኖቬምበር 2 ቀን፣ የከተማው ጋዜጣ ፒትስበርግ ፖስት-ጋዜት የፊት ገጹን ርዕስ በዕብራይስጥ ፊደል አወጣው። ትርጉም የለ፣ ማብራሪያ የለ። ከአንባቢው አብዛኛው ማንበብ አይችልም! የተጻፈው «ካዲሽ» የሚባለው የሐዘን ጸሎት መክፈቻ ቃላት ናቸው። የዚያን ጊዜው አዘጋጅ ዴቪድ ሽሪብማን ይባላሉ፤ ራሳቸው የዚያው ሰፈር ነዋሪ ነበሩ። እስቲ የትኛው ዋና አዘጋጅ ነው ሕዝብ የማያነበውን ርዕስ የሚያወጣ? የእኛው ቢሆን «ሽያጭ!» ብሎ ይጮህ ነበር።

ካዲሽ የሚባለው ነገር ደግሞ አስገራሚ ነው። የሙታን ጸሎት ነው፤ ግን ስለ ሞት አንድ ቃል አይናገርም። የእግዚአብሔርን ስም ከፍ ከፍ ማድረግና መቀደስ ብቻ ነው። የሚበዛው በአረማይስጥ ነው የተጻፈው። «ካዲሽ» ራሱ «ቅዱስ» ከሚለው የእኛ ቃል ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው፤ ቅዳሴ የምንለው ማለት ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይቺን ነበር። የፒትስበርግ ሰው ያላነበባትን ርዕስ የእኛ ደብተራ ቢሰማት የሚያውቃት ቃል አለባት። ጋዜጣው በ2019 በዚያ ዘገባው የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ሲነገር በዝግጅት ክፍሉ ጭፈራ አልነበረም፤ ቆመው የኅሊና ጸሎት አደረጉ።

ገዳዩ ቆስሎ ነበር ብያችኋለሁ። የተወሰደው አሌጌኒ ጄኔራል ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ጄፍሪ ኮኸን የዚያው ምኩራብ አባል ነበሩ። ካከሙት መካከል አይሁዶች ነበሩበት። ዶክተሩ አልጋው ድረስ ሄደው «ሕመም አለህ?» ብለው ጠየቁት። እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር? እንጃ።

እስላሞች በጥቂት ቀን ውስጥ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ አሰባስበው ለሐዘንተኞቹ ሰጡ። ይህን በአራት መስመሬ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። መግባት ነበረበት።

ፍርዱ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው የተሰጠው። በ2023 በበጋቸው የጁሪ አባላት በ63ቱም ክሶች ጥፋተኛ አሉት፤ በኦገስት ሞት ፈረዱበት። ከዋናዎቹ ክሶች አንዱ የተመሠረተበት ሕግ ሃይማኖትን በነፃነት ማምለክ በኃይል መከልከልን የሚቀጣው ነው። ይህ ሕግ በ1996 የተጠናከረው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት በተከታታይ ስለተቃጠሉ ነበር። ለጥቁር ክርስቲያን የተጠናከረው ሕግ ለአይሁድ ደረሰ። በቅጣቱ ላይ ግን ሐዘንተኞቹ አልተስማሙም። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ሞት ይገባዋል አሉ፤ ከዶር ሐዳሽና ከኒው ላይት ወገን ደግሞ «በስማችን ሰው አይገደል» ያሉ ነበሩ። በሐዘን ላይ ክርክር ጨመረባቸው። በዲሴምበር 2024 ፕሬዚዳንት ባይደን በፌዴራል መንግሥቱ ሞት ከተፈረደባቸው 40 ሰዎች የ37ቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ሲለውጡ ሦስት ሰው አስቀሩ። ከሦስቱ ሁለቱ በጸሎት ቤት የገደሉ ናቸው፤ አንዱ ይኸኛው፣ ሌላው በ2015 በቻርልስተን የጥቁሮች ቤተክርስቲያን ውስጥ ዘጠኝ ምእመናን የገደለው።

ቃሉ ግን እስር ቤት አልገባም። በማርች 2019 ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ላይ በሁለት መስጊዶች 51 ሰው የገደለው ሰው ጽሑፉን በ«ወራሪዎች» ሞልቶት ነበር። ከፒትስበርግ ልክ በስድስተኛው ወር፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2019፣ ካሊፎርኒያ ፓዌይ በምትባል ከተማ ሌላው ወደ ምኩራብ ገብቶ አንዲት ሴት ገደለ፤ ሁለቱንም ሰዎች ጠቅሶ ነው የጻፈው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 9፣ በአይሁዶች የስርየት ቀን፣ ጀርመን ሃለ ከተማ ላይ የመጣው ግን በር አልከፈት አለው! ውስጥ ሃምሳ ያህል ሰው ነበር፤ የእንጨት በር አዳናቸው። ተናዶ ውጭ ያገኛቸውን ሁለት ሰዎች ገደለ። በኦክቶበር 2025 በዚያው የስርየት ቀን እንግሊዝ ማንቸስተር ላይ በደረሰው ጥቃት ሁለት ምእመናን ሞተዋል። የዚያኛው ሰበብ ሌላ ነበር፤ የተመረጠው ደጃፍ ግን ያው ነው።

«ጋዛስ?» የሚል ጥያቄ ከኋላ ወንበር ሲመጣ ይታየኛል። ስለ ጋዛ ጽፌአለሁ፣ ወደፊትም እጽፋለሁ። መንግሥትን ለመውቀስ መንግሥት አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት መነጽራቸውን እየፈለጉ የጸሎት መጽሐፍ የሚገልጡ አዛውንት ላይ ምን ያስኬዳል?

እኛም ሕግ አለን፤ የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012። እኔ በዚህ አዋጅ ላይ ብዙ አልተማመንም። ሕጉን የሚተረጉመው ባለሥልጣን ራሱ የተተቸ ቀን ትችቱ ሁሉ «ጥላቻ» ይሆንበታልና። ግን ይህን ስል «ስለዚህ እኛ ንጹሐን ነን» ማለቴ አይደለም። ያን ርዕስ ስጽፍ ማንም ካድሬ አላዘዘኝም።

ሴትየዋን ፈልጌአቸዋለሁ። ስልካቸውን አልመዘገብኩም ነበር። ዓምና ወደዚያች ከተማ ለሌላ ሥራ ስሄድ ገበያው ውስጥ «ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ የሸጡ» እያልኩ ጠየቅኩ። እንደዚያ ያሉ ብዙ ናቸው። አንዷ «የትኛዋን ነው? ካሉት ነው ከሄዱት?» አለችኝ።

ጋዜጣው ስለተዘጋ የማርምበት ገጽ የለኝም። ስለዚህ እዚህ ይያዝልኝ፤ ይህን የሚያትም ጋዜጣ ካለም ያትመው፦ እርማት። በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ «ወራሪዎች» በሚል ርዕስ የወጣው ጽሑፍ ስለ ጎረቤቶች እንጂ ስለ ወራሪዎች አልነበረም። ርዕሱን ያወጣው አንባቢው ሳይሆን አዘጋጁ ነው። ለጠየቁኝ እናት መልሱ «አይደሉም» የሚል ነበር።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።